የበጉ ሕመም ውሻው ሆድ ውስጥ

ለፋሲካ መሐል ሜዳ አጠገብ አጎቴ ቤት ሰንብቼ ነበር። ማለዳ መንጋው ከጋጣ ሲወጣ አንዲት ግራጫ በግ ከጓደኞቿ ተነጥላ ወደ ግራዋ ትዞራለች። ትዞራለች፣ ቆም ትላለች፣ ራሷን ወደ ጎን ታዘነብላለች፣ እንደገና ትዞራለች። በቀኝ ዐይኗ በኩል እጄን ባወናጭፍ አልደነገጠችም። «አዙሪት ነው» አሉ አጎቴ፣ ብዙም ሳይመለከቷት። «ሳትከሳ እንቅደማት።» ቅዳሜ ሌሊት ታረደች።

ሥጋው ላይ ምንም እንከን አልነበረም። ጭንቅላቷን ግን ለምኜ አስቀረሁና በምሳር አስፈለጥኩት። ከግራው የአንጎል ክፍል የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ጥርት ያለ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ወጣ። በውስጠኛው ግድግዳው ላይ ሰሊጥ የተበተነ የሚመስሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ክምችት ክምችት ሠርተው ተለጥፈዋል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ነገ አንድ የኮሶ ትል የሚሆን ራስ ነው። ይህን ለአጎቴ እያሳየሁ ሳለ ውሻቸው መቻል ከኋላዬ መጥቶ ከረጢቱን ከነአንጎሉ ነጥቆ አጥሩን ዘለለ። አጎቴ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ የሚመጣው ዓመት አዙሪት ሲጸነስ በዐይኔ አይቻለሁና።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። ሳይንሱ ቴኒያ መልቲሴፕስ የሚለው ትል ጎልማሳ ሆኖ የሚኖረው በውሻ አንጀት ውስጥ ነው። ውሻው አይታመምም፤ እንደወትሮው ይበላል፣ ይጮኻል፣ በግ ይጠብቃል። ነገር ግን ከዐይነ ምድሩ ጋር የትሉ እንቁላል በየሣሩ ይወርዳል። በግ ሣሩን ስትግጥ እንቁላሉን ትውጣለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ዕጭ የአንጀቷን ግድግዳ በስቶ ደም ውስጥ ይገባና አንጎል ላይ ሲደርስ ይሰፍራል። ለወራት ቀስ እያለ ውሃ ይቋጥራል፣ ያድጋል፣ አንጎሉን ይጫናል። በጓ ብዙውን ጊዜ ከረጢቱ ወዳለበት ጎን ትዞራለች፤ የምትታወረው ደግሞ በተቃራኒው ዐይን ነው። ከዚያ ትታረዳለች፣ ጭንቅላቷ ከአጥር ውጭ ይጣላል፣ ውሻ ያገኘዋል። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲያልፍ ውሻው አዲስ እንቁላል መዝራት ይጀምራል።

እንግዲህ ይህን ትል አስቦ የሚመች አገር የሚሻ ሰው ቢኖር ከመንዝ የተሻለ አያገኝም ነበር። እንቁላሉ ብርድና እርጥበት ይወዳል፣ ደረቅ ሙቀት ይገድለዋል። መንዝ ደግሞ ገብሱን ውርጭ እየመታው ገበሬው ከእህል ይልቅ በግ ላይ የተደገፈበት አገር ነው። ከሱፉ ባና የሚባለውን ብርድ ልብስና ዝተት ይሠራል፣ ከሽያጩ ማዳበሪያና የልጅ ደብተር ይገዛል። በግ ባለበት ሁሉ ውሻ አለ። የበግ ጭንቅላት ደግሞ በእኛ ዘንድ የሚበላ ነገር ስላልሆነ ድርሻው የውሻ ነው።

ስለ እንስሳት ሕክምና የወጡ ጥናቶችን ሥራዬ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ፋሲካ በኋላ ነው። ደጋግሞ ያስገረመኝ ነገር ቢኖር ስለ አንድ እንስሳ የተጀመረ ጥናት ሌላ እንስሳ ደጅ ላይ መቆሙ ነው። በግ ያጠና ውሻ ጋ ይደርሳል። ጭላዳ ያጠናም ወደ ውሻና ወደ ዘመዶቹ ይመለከታል። ስለ ላም የተጻፈው የሕፃናት ክትባት ይዞ ይመጣል። የእኛ አሠራር ግን በየዘሩ የተከፋፈለ ነው፤ ለከብቱ ክትባት፣ ለበጉ መድኃኒት፣ ለዶሮው ጠብታ አለ። ለውሻው ምንም የለም። ገበያ አይወጣም፣ ወተት አይታለብም፣ ሪፖርት ላይ የሚሞላበት ሣጥን የለውም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከሚታየው የእንስሳት ሕመም ጥቂት የማይባለው የሚያልፈው ግን በእሱ በኩል ነው።

አዙሪትን በተመለከተ ሥራ አልተጀመረም ማለት አይቻልም። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ከዓለም አቀፉ የደረቅ አካባቢዎች ግብርና ምርምር ማዕከልና ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በመንዝ በግ ላይ ማኅበረሰብ አቀፍ የዝርያ ማሻሻያ ሲያካሂድ ቆይቷል። ገበሬዎቹ ራሳቸው ተሰብስበው ፈጥኖ ያደገውን አውራ ይመርጣሉ፣ ለጋራ ያውሉታል። አዙሪት በብዛት የሚይዘው ከስድስት ወር እስከ ዓመት ተኩል ያለውን ወጣት በግ ነው፤ አውራው የሚመረጠውም በዚያው ዕድሜ አካባቢ ነው። ለዓመታት የተለፋበት ምርጫ አንድ ማለዳ እየዞረ ሲገኝ የምርምሩ ሰዎች የዘር ጉዳይን ከጤና ለይተው ሊያዩት አይችሉም። ስለዚህ በአንዳንድ የመንዝ ቀበሌዎች ውሾችን በዘመቻ የትል መድኃኒት መስጠትና ጭንቅላትን መቅበር ተሞክሯል። የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ አንድ ጊዜ ሲዋጥ ያለውን ትል ይጠርጋል፣ ዳግም እንዳይያዝ ግን አያደርግም። ስለዚህ በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ መደገም አለበት።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገዴ ልውጣ። አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ እየበሉ የሚያፈሩትን ትል ለማስወጣት በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ትሉ ስሙን ያገኘው ከመድኃኒቱ ዛፍ ነው። ሁለት ወር ማለት ስምንት ሳምንት ገደማ ነው። ትሉ ዳግም አድጎ የሚታይበትን ጊዜ ያለ ማይክሮስኮፕ ደርሰውበት ነበር ማለት ነው። ያ ሁሉ ዕውቀት ግን ለሰው ሆድ ብቻ ነበር። ለውሻ ኮሶ ያጠጣ ሰው በታሪክ አልሰማሁም።

በጓን ራሷን በክትባት ማዳንስ አይቻልም ወይ? የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ከትሉ እንቁላል የወሰዷቸውን ፕሮቲኖች ለበግ ሰጥተው ጥሩ ውጤት አይተዋል፤ ገበያ ላይ ግን አልወጣም። የእሱ ዘመድ የሆነው፣ በጉበትና በሳንባ ላይ ውሃ የሚቋጥረው ትል ግን ዕድለኛ ነው፤ ኢጂ95 የተባለው የበግ ክትባት በአርጀንቲናና በቻይና ሥራ ላይ ውሏል። ይህኛው ትል ሰውንም ይይዛል። የቄራ ሠራተኛ ውሃ የቋጠረ ሳንባ ለውሻ ሲወረውር ያየ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል። ውሻው የሚውጠው ፕራዚኳንቴል ሁለቱንም ትሎች ስለሚያጸዳ በአንድ ክኒን ሁለት በሽታ መያዝ ይቻላል።

ከመሐል ሜዳ ትንሽ ሽቅብ ሲወጣ ጓሳ ነው። የአስቦና የጌራ ትውልዶች ከጥንት ጀምረው ሣሩን በሥርዓት የጠበቁት፣ ከሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር በላይ ያለ ብርዳም ሜዳ ነው። ፒተር ፋሺንግና ንጋ ንዌን የተባሉ የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ እዚያ ጭላዳዎችን ሲከታተሉ ቆይተዋል። በአንዳንዶቹ ጭላዳዎች ገላ ላይ የሚንጠለጠል እብጠት ያያሉ። እብጠቱ ሌላ ምንም ሳይሆን የአዙሪት ትል የቅርብ ዘመድ የሆነው ቴኒያ ሲሪያሊስ ዕጭ ነው። ይህም ጎልማሳ ሆኖ የሚኖረው በውሻና በቀበሮ ወገን ሆድ ነው፤ ወትሮ የሚያድረው በጥንቸል ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ጥናታቸው እብጠት ያለባቸው ጎልማሶች ከሌሎቹ ይልቅ ቶሎ እንደሚሞቱ፣ ከእነዚህ እናቶች የሚወለዱ ግልገሎችም የመትረፍ ዕድላቸው እንደሚያንስ አሳየ።

ዝንጀሮ በበግ በሽታ ወገን ለምን ይታመማል? ጭላዳ እንደ በግ ሣር ትግጣለችና። ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ተለይታ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብላ ሣር ስትነጭ የምትውል እሷ ነች። ለትሉ እንቁላል የጭላዳ ጣትና የበግ ከንፈር ልዩነት የላቸውም።

በዚያው ሣር ላይ ቀይ ቀበሮም አለ። በዓለም ላይ የቀሩት ከአምስት መቶ በታች ናቸው፣ ሁሉም በኢትዮጵያ ደጋ። ስለ ቀይ ቀበሮ የተደረገው የሕክምና ምርምር አብዛኛው ባሌ ላይ ነው፤ ምክንያቱም መከራው የበረታው እዚያ ነበር። ከእረኛ ጋር የሚወጡ ውሾች ያመጡት የእብድ ውሻ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992፣ ከዚያም በ2003፣ በ2008 እና በ2014 ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ጨረሳቸው። ቀበሮን ይዞ መውጋት አድካሚ ነው። ተመራማሪዎቹ ለዓመታት ሞክረው የደረሱበት መላ ክትባቱን በትንሽ ከረጢት አድርጎ በፍየል ሥጋ ውስጥ መሸጎጥና ማታ ማታ በቀበሮዎቹ ግዛት መጣል ነው። ቀበሮው ሲያኝክ ከረጢቱ ይፈነዳል፣ መድኃኒቱ አፉን ያርሰዋል። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ባሌ ላይ ከሙከራ አልፎ መደበኛ ሥራ ሆነ።

ብልሃቱ ያስደስተኛል። ሆኖም ቀበሮን በፍየል ሥጋ ከመከተብ በፊት የእረኛውን ውሻ በመርፌ መከተብ ይቀላል፤ ይህን የታንዛኒያው የሴሬንጌቲ ምርምር ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቶ አሳይቷል። እዚያ የቤት ውሾች ሲከተቡ በሽታው ከሰውም ከዱር አራዊትም ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው በእብድ ውሻ በሽታ እንደሚሞት ይገምታል፤ ለሰው ከሚደርሰው 99 በመቶው ከውሻ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ ስርጭቱ ይቆማል። ቁጥሩ ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ውሻ ዕድሜው አጭር፣ ቡችላው ብዙ መሆኑ ነው። ዘንድሮ 70 የሆነው ካልተደገመ በሁለት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ይወርዳል።

በእኛ አገር ለተነከሰ ሰው ይሰጥ የነበረው የድሮው ክትባት ከምን ይሠራ እንደነበር ብዙ ሰው አያውቅም። ከበግ አንጎል ነው። ቫይረሱን በበግ አንጎል ውስጥ አሳድገው፣ አቅም አሳጥተው፣ ለተነከሰው ሰው ሆድ ላይ ከአሥር ቀን በላይ በየቀኑ ይወጉት ነበር። ያንን መርፌ የቀመሰ ሰው ዛሬም ሲያወራው እጁ ወደ ሆዱ ይሄዳል። አሁን ያለው በሕዋስ ላይ የሚመረት ክትባት ጥቂት መርፌ ብቻ ይበቃዋል፣ የሚወጋውም ክንድ ላይ ነው። ዋጋው ግን ውሻውን ቀድሞ ከመከተብ ጋር አይወዳደርም።

ክትባት ሲባል ወዲያው የሚነሣው ማቀዝቀዣ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ማቀዝቀዣ ማውራት ለአንዳንድ ሰው ቀልድ ይመስላል፤ ከተማው ራሱ ማቀዝቀዣ ነው። ነገር ግን ክትባቱን የጫነው መኪና ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ከሦስት ሺህ ሜትር ወደ አሥራ ሦስት መቶ ገደማ ወርዷል። በረዶው ሳጥን ውስጥ ይቀልጣል፣ የከብት ሐኪሙ ላብ ደግሞ በጀርባው ይወርዳል። አንድ የታወቀ የእብድ ውሻ ክትባት በ25 ዲግሪ ስድስት ወር፣ በ30 ዲግሪ ሦስት ወር ሳይበላሽ እንደሚቆይ የታንዛኒያ ሥራ አረጋግጧል። ቀጥሎ ያደረጉት ደግሞ ይበልጥ ያስቀናል፤ መብራት በሌለበት መንደር ክትባቱን የሚያስቀምጡበት ከሸክላ የተሠራ ማቀዝቀዣ ሠሩ። መርሁ የእንስራ ነው። ሸክላው ያልበዋል፣ ላቡ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል። የይፋት እናቶች ይህን ለማስረዳት ተመራማሪ አያስፈልጋቸውም።

እኛ ራሳችን ደግሞ የዚህ ዓይነት ታሪክ አለን። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱን ጨርሶ ሰውን በረሃብ የፈጀው፣ ክፉ ቀን የተባለው ዘመን መነሻው ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ በሽታው የመጨረሻ መሸሸጊያ ካደረጋቸው ቦታዎች አንዱ ከይፋት ቁልቁል ያለው የአፋር ቆላ ነበር። እዚያ የበረዶ ሳጥን የጫነ መኪና ሊደርስ ስለማይችል ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠርቶ በራሳቸው በአርብቶ አደር ልጆች እጅ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ተሰጠ። በኢትዮጵያ የመጨረሻው ወረርሽኝ የታየው በ1995 ነው፤ በ2011 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ለዓለም ታወጀ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ መሆኑ ነው። አሁን በበግና በፍየል ደስታ መሰል በሽታ ላይ ያው ዘመቻ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ታቅዷል።

ከሸኖ እስከ ደብረ ብርሃን ባለው የወተት መስመር ሌላ ታሪክ አለ፤ እዚህ ውሻው እረፍት ያገኛል። የከብት ሳንባ ነቀርሳ ከአገሬው ላም ይልቅ ዲቃላዋን፣ ከመስክ ይልቅ በጠባብ በረት የታጨቀችውን ይወዳል። ወተቱ ሳይፈላ ከተጠጣ ለሰውም ይተርፋል። ሀብታም አገሮች የታመመውን መርምረው ያርዳሉ፤ እዚህ ያለችውን አንዲት የወተት ላሙን እረድ የሚባል ገበሬ ግን ልጁን ከትምህርት ቤት ማስወጣቱ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣው፣ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራው ጥናት ለዚህ መልስ ፈልጓል። የተከተቡና ያልተከተቡ ጥጆችን ከታመሙ ከብቶች ጋር ለአንድ ዓመት አንድ ላይ አሳደሩ። ቀጥሎ ጥጆቹን ወስደው ከሌሎች አዳዲስ ጥጆች ጋር ለሌላ ዓመት አገናኙ፤ በመጀመሪያው ዙር የተከተበ ከብት ቢታመም እንኳን ለሌላው ምን ያህል ያስተላልፋል የሚለውን ለማየት። ክትባቱ በመንጋ ውስጥ የሚደረገውን መተላለፍ 89 በመቶ ቀንሶ ተገኘ።

ክትባቱ ቢሲጂ ነው፤ ሕፃናት ሲወለዱ ክንዳቸው ላይ የሚወጉትና ጠባሳው የሚቀረው ያው። ቢሲጂ መጀመሪያ የተሠራው ከላም ከተገኘ የነቀርሳ ባክቴሪያ ሲሆን ለሰው የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። ከላም ወደ ልጅ ሄዶ ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ላም ተመለሰ። አንድ ጣጣ አለበት፤ የተከተበች ላም በተለመደው የቆዳ ምርመራ የታመመች መስላ ትታያለች፣ ስለዚህ ሁለቱን የሚለይ አዲስ ምርመራ አብሮ መግባት አለበት።

ወደ ውሻው ልመለስ፤ ምክንያቱም ከተሞች ለውሻ ያላቸው መፍትሔ ብዙውን ጊዜ መርዝ ነው። ማታ ሥጋ ላይ መርዝ ይደረጋል፣ ጠዋት ሬሳ ይሰበሰባል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ የእብድ ውሻን በሽታ እንደማያቆም ደጋግሞ ተናግሯል፤ የተገደለው ውሻ ቦታ ባልተከተበ ወጣት ውሻ ይሞላልና። ከዚህ የሚከፋው መርዙን የበላውን ሬሳ የሚበላው ጥንብ አንሣ ነው። የሕንድን ታሪክ ማንበብ ይበቃል። እዚያ ገበሬው ለከብቱ ሕመም የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የተባለ ማስታገሻ የሞተውን ከብት የበሉ ጥንብ አንሣዎችን ኩላሊት እየበጠሰ በሚሊዮን ፈጃቸው። ምክንያቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፣ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሰጥ የተከለከለው በ2006። እስከዚያ ድረስ ጥንቡ ለውሻ ተረፈ፣ ውሻው በዛ፣ በሽታው በዛ፣ ውሃው ተበከለ። በቅርቡ ሁለት የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ሒሳቡን ሲሠሩት በአምስት ዓመት ውስጥ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰው ሞቷል አሉ። የአንኮበርንና የጣርማ በርን ገደል ለሚያውቅ ሰው በአየር ላይ የሚንሳፈፈው ያ ወፍ የጤና ሠራተኛ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

በወረዳ ደረጃ ምን ይደረግ ቢሉኝ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አልጠቅስም። በጎች በሚከተቡበት ቀን ገበሬው ውሻውን በገመድ ይዞ ይምጣ። አንድ መርፌ፣ አንድ ክኒን። ባለሙያው አለ፣ ሳጥኑ አለ፣ ሰዉ ተሰብስቧል። የሚጎድለው መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ነው፤ ያንን መስመር ለማስገባት ደግሞ የበጉ በጀት ውሻ ላይ መዋሉን የሚፈቅድ አለቃ ያስፈልጋል፤ ከክትባቱ ይልቅ እሱን ማግኘት ይከብዳል። የአጎቴ ጎረቤት ደግሞ ሌላ ችግር ነገሩኝ፦ «ውሻ በገመድ አስረህ ገበያ መሐል ስትጎትት ሰው ምን ይልሃል?» ይህንንም የሚያጠና ሰው ቢገኝ አልጠላም።

በዚያ ፋሲካ ማግስት ሁለተኛ በግ ታረደ፤ ይህኛው ጤነኛ ነበር። ጭንቅላቱን ምን እናድርገው ብለን ተማከርን። ይቀቀል አልኩ፤ ከተቀቀለ ትሉ ይሞታል። የአጎቴ ባለቤት ሣቁብኝ። «ለውሻ ምሳ ኩበት ላንድድ?» እንጨት በሌለበት አገር ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፣ መልስ አልነበረኝም። እንቅበረው ተባለ። መሬቱ ድንጋይ ስለሆነ አጎቴ ከክርናቸው ያልበለጠ ጉድጓድ ቆፍረው ትልቅ ድንጋይ ጫኑበት። መቻል ከጎኑ ተኝቶ ጠበቀው፤ ሲመሽ መቆፈር ጀመረ፣ ሁለተኛ ድንጋይ ተጨመረ።

ስመለስ ደብረ ብርሃን የመድኃኒት መሸጫዎችን ዞርኩ። የበግና የከብት ትል መድኃኒት ሞልቷል፤ የውሻ ግን ከአዲስ አበባ ማስመጣት ነበረብኝ። ሁለት ክኒን ላክሁ፤ አንዱን በቂጣ ጠቅልለው ለመቻል ሰጡት፣ ሌላውን ጎረቤት ወሰደ። ባለፈው ሳምንት አጎቴ ደወሉ። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ከጠየቁ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦ «ልጄ፣ የመቻል ኮሶ ደርሷል። በማን ልትልክልኝ ነው?»